በሰኔ መረብ አንጥልም

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 22፥6-7፤ ማቴዎስ 17፥24-27፤ ሉቃስ 5፥1-11፤ ዮሐንስ 21፥1-17



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አሣ ማጥመድ ነው። እንዳ ኢየሱስ ተቀምጦ ስለ አሣ መጻፍ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ እውነታችሁን ነው። እኛ ባልና ሚስት የምንኖርበት ይህ የመቐለ ዳገት ድንጋይና ነፋስ እንጂ ሐይቅ የለውም። ከበራችን ቆመን የምናየው ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚወጣና የሚወርድ ተማሪ ነው። ውኃ በቧንቧ ሲመጣ በርሜል ሞልተን እየቆጠብን የምናብቃቃ ሰዎች ነን።

የዚህ ዳገት ታሪክ ራሱ የውኃ ታሪክ ነው። በ1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የኢጣሊያ ጦር እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባላል። ምሽጉ ጠንካራ ስለነበር ፊት ለፊት የገጠመው ብዙ ሰው ወደቀበት። በኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ጦሩ የሚጠጣው ምንጭ ተያዘ። ውኃ የተቋረጠበት ጦር ጥር ወር ላይ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት በኩራት ነው የተማርነው፤ አሁንም እንኮራበታለን። በቅርብ ጊዜ ግን ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ወጥቶ ልባችንን ወጋው። የተጠማን ሰው መያዝ ቀላል ነው። ምንጩ ላይ የቆመ ሰው የተጠማውን ወደፈለገው ያዞረዋል።

ይህ ለጦርነት ጥበብ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ግን ምንድን ነው?

"እንዳ" በትግርኛ ቤት እንደማለት ነው፤ እንዳ ኢየሱስ የኢየሱስ ቤት። በኢየሱስ ቤት ምንጩ ላይ የቆምነው እኛ ነበርን። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያው ስምምነት ሲቆም፣ ሰው እንደ ደረቀ መሬት ሆኖ ነበር። ያልቀበረ፣ የቀበረ፣ የት እንደቀበረ የማያውቅ ነበር። ቤታችን የሚሰበሰበው ትንሽ የጸሎትና የቃል ጥናት ኅብረት በጥቂት ወራት ውስጥ ሳሎኑን ሞልቶ ወደ በረንዳው ፈሰሰ። እኛም ጌታ መከሩን አመጣው ብለን ደስ አለን። ደስታችን ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ከደስታው በኋላ ባደረግነው ላይ ነው።

በዚያ ወቅት አንድ ወጣት ወደ ቤታችን ይመጣ ጀመር። ስሙን አንጽፍም። ይህን ጽሑፍ ግን ከመውጣቱ በፊት አንብቦታል፤ እንድናወጣውም ፈቅዷል። ጦርነቱ ሲጀመር እዚሁ ግቢ ተማሪ ነበር። ትምህርቱ ሲቋረጥ ወደ ወላጆቹ ሄደ፤ በዚያ ዘመን ታላቅ ወንድሙን አጣ። ሰላም ሲሆን ተመልሶ መጣ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። አይዘምርም፣ አይጠይቅም፤ ሻይ ስንሰጠው በሁለት እጁ ይቀበልና ዝም ብሎ ይጠጣል። በሦስተኛው ሳምንት ከጸሎት በኋላ ስለ ወንድሙ ጥቂት ነገር ነገረን። እኛም አለቀስን፤ አብረን ተንበረከክን።

እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ! እኛ ግን በሳምንቱ ለሚደረገው ትልቅ ስብሰባ እንዲመሰክር ጠየቅነው። "ጌታ በዚህ ይከብራል፤ ብዙዎች በአንተ ይጽናናሉ" አልነው። ወንድሙን የገደሉትን ይቅር እንዳለም ቢናገር መልካም እንደሆነ ጨምረን አሳሰብነው። እርሱ እምቢ ማለት አልቻለም፤ ሻያችንን ጠጥቷል፣ ዱቄትም ከእጃችን ተቀብሎ ለእናቱ ልኳል። በዕለቱ ወጥቶ ቆመ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ድምፁ ተቆረጠ። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ፤ ኪቦርዱም ከፍ አለ። እርሱ አፉን በእጁ ይዞ እዚያው ቆሞ ቀረ። በዚያ ምሽት ብዙ እጅ ተነሣ። እኛም ቆጥረን በሪፖርታችን ጻፍን።

ከዚያ ምሽት በኋላ ወንድማችን ወደ ቤታችን አልመጣም። ስንደውል አያነሳም። ለአንድ ዓመት ያህል ስለ እርሱ ስንጸልይ "ጌታ ሆይ፣ የጠላትን ወጥመድ ስበርለት" እያልን ነበር። ወጥመዱ የእኛ ሊሆን እንደሚችል አላሰብንም።

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ላይ ከእርሱ አጭር መልእክት ደረሰን። አጎቴ ዘንድ አሸንጌ ነኝ፣ ከቻላችሁ ኑ፣ አሣ እናጠምዳለን ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ሦስት ጊዜ አነበብነው። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ተነሳን።

መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከመቐለ ወደ ደቡብ በአዲ ጉዶም አልፎ፣ አምባ አላጌን ታክኮ ማይጨው ይደርሳል። ከማይጨው ወደ ኮረም ሲወጡ ተራራው በድንገት ይከፈትና አሸንጌ ከታች ይታያል። ዙሪያውን በተራራ የተከበበ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። ጅረቶች ይገቡበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።

ይህም ውኃ የራሱ ኀዘን አለው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ውጊያ በኋላ ሲያፈገፍግ የነበረው የአገራችን ሠራዊት በዚህ ሐይቅ አካባቢ ከሰማይ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመትቷል። ደክሞ፣ ተጠምቶ ወደ ውኃ የሚወርድ ሰው ለመመታት እንዴት የተጋለጠ ነው! ከመኪናው ወርደን ሐይቁን ስናይ ይህ ትዝ ብሎን ዝም አልን።

ወንድማችን መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ከስቷል፤ ነገር ግን ፈገግ አለ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስለ ስብሰባው አልተነሣም። አጎቱ ዘንድ ወሰደን። እኛም እንደ አገሩ ልማድ "አቦይ" አልናቸው፤ እሳቸው ደግሞ "ደቀይ" ብለው ተቀበሉን፣ ልጆቼ እንደማለት። የኦርቶዶክስ ምእመን ናቸው፤ የሐዋርያት ጾም ላይ ነበሩ። ለእኛ ቡና አስፈልተው እሳቸው እስከ ሰዓታቸው ምንም ሳይቀምሱ አጠገባችን ተቀመጡ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱን። "በዚህ ወር አሣ የሚጠመደው ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ነው" አሉን። አሸንጌ ጠዋት እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ረፋድ ላይ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል፣ ክሩ ይወዛወዛል፣ አሣው ሲነካው አይታወቅም። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ያልያዘ ሰው አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። በቀትር ፀሐይ ግን መቀመጥ ጉልበት መጨረስ ነው አሉ።

ያስተማሩንን ሁሉ በቅደም ተከተል እንጻፍላችሁ፤ ለሚያጠምድ ይጠቅማልና።

የአሸንጌ አሣ ቆሮሶ ነው። ከጥንት ጀምሮ እዚያ የነበረ አይደለም፤ ከሌላ ውኃ በሰው እጅ መጥቶ የገባ ነው። አፉ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ መንጠቆ አይወድም፤ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ከላይ ደግሞ ቀላል ቡሽ ይበቃል። ማጥመጃው ላይ የሚሰካው ትል ነው፤ ትል ከጠፋ ጠንከር ብሎ የታሸ የዱቄት ሊጥ። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ትልና ነፍሳትን እየጠረገ ወደ ሐይቁ ያስገባል። በዚያን ጊዜ አሣው ድፍርሱና ጥሩው ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይሰበሰባል፤ ድፍርሱ ውስጥ አይገባም፣ ከጥሩው ውኃ ሆኖ ከድፍርሱ የሚወጣለትን ይጠብቃል። መንጠቆውን እዚያ መስመር ላይ ጣል አሉን።

አቀማመጥም አለው። ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ከቆምክ ጥላህ ውኃው ላይ ይወድቅና አሣው ይሸሻል። እግርህን መሬት ላይ አትደብድብ፤ በዳርቻ ያለ አሣ ድምፅህን ከመስማቱ በፊት የመሬቱ መንቀጥቀጥ ይደርሰዋል። ቡሹ ሲነካ ወዲያው አትሳብ። ቆሮሶ መጀመሪያ ይቀምሳል፤ ቡሹ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር ነው መሳብ። እኛ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ሳብንና ባዶ መንጠቆ አወጣን። ወንድማችን ሳቀ። ከዓመት በኋላ የሰማነው የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ቡሹን እየጠበቅን ሳለ አቦይ በጣታቸው ጥልቀት የሌለውን ውኃ አሳዩን። አሸዋው ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ነገር ይታያል፣ እንደ ሰታቴ ክዳን የሰፋ። "ያ የወንዱ ቤት ነው" አሉ። ውኃው በሚሞቅበት በዚህ ወራት ወንዱ ወደ ዳር መጥቶ በአፉና በጭራው አሸዋውን ጠርጎ ያዘጋጃል። ሴቲቱ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች። ወዲያው ግን ያን እንቁላል አንድ በአንድ በአፏ ትለቅመዋለች። በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል በአፏ ይዛ ትሄዳለች። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ሁለት ሳምንት ያህል፣ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነም ከዚያ በላይ፣ አፏን ዘግታ ትኖራለች። አትበላም። ልጆቹ ዋና ከጀመሩ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ ሁሉም እየተሽቀዳደሙ ተመልሰው ይገባሉ።

"እኔ የሰኔን ጾም እጾማለሁ፤ እሷም ትጾማለች" አሉ አቦይ።

ከዚያ ነገሩን እንዲህ አስረዱን። አሣ ለመያዝ ከዓመቱ ሁሉ የሚቀለው ይህ ወር ነው። ሁሉም ወደ ዳር ቀርቧል፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ፍለጋ የለም። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ከዳር ወደ ዳር ጎትት፣ ከረጢት ሙሉ ይወጣል። ለዚህም ነው እሳቸው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መረባቸውን ሰብስበው ጣሪያ ሥር የሚሰቅሉት። በእነዚህ ወራት በመንጠቆ ብቻ ያጠምዳሉ። መንጠቆ የሚይዘው የሚበላውን አሣ ነው። እናቲቱ ደግሞ አፏን ዘግታለች፤ ትሉ በፊቷ ቢንጠለጠልም አትነካውም። መንጠቆ ያልፋታል። መረብ ግን አይመርጥም።

"መረብ ሲይዛት ምን ታደርጋለች?" ብለን ጠየቅን።

"ትደነግጣለች። በድንጋጤ አፏን ትከፍታለች። በአፏ የያዘችውን ሁሉ እዚያው ትተፋዋለች። አንተ አንዲት አሣ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሌላው ሁሉ ለአእዋፍና ለሌላ አሣ ይቀራል።"

በዚያ ቅጽበት ወንድማችን ቀና ብሎ አየን። ዓይኑን መልሶ ወደ ቡሹ አደረገ። እኛም ማንም ሳይነግረን አወቅን። እርሱም ቀስ ብሎ፣ ሐይቁን እያየ፣ እንዲህ አለን። "ያን ጊዜ በአፌ የያዝኩት ነገር ነበር። ለእግዚአብሔር ገና መናገር እየጀመርኩ ነበር። እናንተ አፌን አስከፈታችሁኝ። ከዚያ በኋላ ለእርሱም የምናገረው ጠፋኝ።"

ወገኖቼ፣ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ እንደዚህ ያለ ስብከት ግን አልሰማንም። የምንመልሰው አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅነው። ስለ በጎ ሐሳባችን ለማስረዳት አፋችን ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥነው፤ በጎ ሐሳብ ይቅርታን ያኮሰምነዋልና። "በደልንህ፤ ኀዘንህን ለሥራችን ተጠቀምንበት" አልነው። እርሱም ራሱን ነቀነቀ። ይቅር ብያለሁ አላለም። እኛም እንዲል አልጠየቅነውም። ይህን ቃል አንድ ጊዜ አስገድደን አናግረነዋል፤ ሁለተኛ አናደርገውም።

ስለ በጎ ሐሳብ ካነሣን የጣናን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ባሕር ዳር ስንኖር ያወቅነው ነው። ጣና ውስጥ ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም የማይገኙ የነጭ አሣ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያሉት ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ ይሰበሰቡና ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የሆላንድ የቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ጋር ሆኖ በታንኳ ብቻ ለሚያጠምደው ድሃ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ አመጣ። በጎ ሥራ ነበር፤ ብዙ ቤት እንጀራ አገኘበት። ነገር ግን መረብ ጣዮች አሣው በሚሰበሰብበት ወር በወንዞቹ አፍ ላይ መረባቸውን መዘርጋት ለመዱ፤ እዚያ ይቀላልና። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሲለኩ፣ የዚህ አሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወድቆ አገኙት። የታዳጊዎቹ መቀነስ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። አገራችን በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ብላ የዓሣ ሀብት አጠቃቀም ሕግ አውጥታለች። የአቦይ ጣሪያ ሥር የተሰቀለው መረብ ግን ከማንኛውም አዋጅ በላይ አስተማረን። ማንም ሳያያቸው፣ መረቡ በእጃቸው እያለ፣ አሣው በእግራቸው ሥር እያለ፣ ይተዉታል።

የእግዚአብሔር ቃል ይህን ያውቃል። በዘዳግም 22 ላይ እስራኤላዊ በመንገድ ሲሄድ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱ በእንቁላሏ ወይም በጫጩቶቿ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስዳት ታዟል። እናቲቱ ያን ሰዓት ለመያዝ የቀለለችው ስለምትወድድ ነው፤ ልጆቿን ትታ ስለማትበርር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ በፍቅሯ ምክንያት የተጋለጠችውን አትያዝ ይላል። ይህን ትእዛዝ ለጠበቀ ረጅም ዕድሜና መልካም እንዲሆንለት ተስፋ ሰጠው። ስለ አንዲት ወፍ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አምላክ፣ ወንድሙን ስላጣ ልጅ እንዴት አይጠነቀቅ!

በማቴዎስ 17 ጌታ ጴጥሮስን ወደ ባሕር ልኮ መንጠቆ እንዲጥልና መጀመሪያ የሚወጣውን አሣ እንዲይዝ ነገረው። መረብ አላስያዘውም። ለሁለት ሰው ግብር የሚበቃ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ አንድ አሣ በቃው። መረብ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ በሉቃስ 5 ጌታ ራሱ ጥሉ ብሏል። ነገር ግን መቼ፣ የት፣ በየትኛው ወገን እንደሚጣል የሚያዝዘው እርሱ ነው። እኛ መረቡን እንዴት እንደሚጎተት ተምረናል፤ መቼ እንደሚሰቀል ግን አልጠየቅነውም።

በዮሐንስ 21 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ነጋ። ያዘኑ ሰዎች ናቸው። ጴጥሮስ በተለይ የካደ ሰው ነው፤ በልቡ የያዘው ነገር አለ። ጌታ ዳርቻ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ያዘጋጀው እሳት፣ አሣና እንጀራ ነበር። በሉ አላቸው። ስለ ክህደቱ አንድም ቃል ሳይነሣ በሉ። ከበሉ በኋላ ነው ጴጥሮስን የጠየቀው፤ የጠየቀውም ትወደኛለህን ብሎ ነው። መልሱን ሲሰማ የሰጠው ሥራ ደግሞ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ሲጠራው ሰውን የምታጠምድ ትሆናለህ ብሎት ነበር። አሁን ግን ግልገሎቼን አሰማራ፣ በጎቼን ጠብቅ አለው። የተጠመደ አሣ በጀልባ ውስጥ አይኖርም። ግልገል ግን በእረኛው እጅ ይኖራል፤ ያድጋል። እኛ ወንድማችንን ያጠመድነው መስሎን ነበር፤ ጌታ ግን ግልገል አድርጎ ነበር የሰጠን።

በዚያ ጠዋት በመጨረሻ አራት ቆሮሶ ያዝን። ሁለቱን ወንድማችን፣ አንዱን አቦይ፣ አንዱን እኛ። አቦይ ጾማቸው ስለሆነ ድርሻቸውን ለጎረቤት ላኩ። ወንድማችን ዳርቻው ላይ እሳት አነደደ። አሣውን በጎኑ በጎኑ በቢላ ሰነጣጥቆ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሶ ጠበሰው። እንጀራው ላይ አድርጎ ለእኛ ዘረጋ። እርሱ አጎረሰን፤ እኛም አጎረስነው። ነፋሱ ተነሣ፣ ሐይቁ ተናወጠ። ማንም ጸሎት አላስጀመረም፤ ግን በዚያ ማዕድ ላይ ጌታ እንደነበረ አንጠራጠርም።

ልንነሣ ስንል ወንድማችን አንድ ነገር ጠየቀን። "ዱካዋ አሁንም በሩ ጋ ናት?"

"ናት" አልነው።

"እሺ" አለ። ይኸው ነው። እመጣለሁ አላለም። እስካሁንም አልመጣም። በየሳምንቱ ግን ይደውልልናል፤ አንዳንዴ ስለ አሣ፣ አንዳንዴ ስለ እናቱ እናወራለን። በአንድ ምሽት ሳንጠይቀው "ትላንት ጸለይኩ" አለን። ምን ብለህ አላልነውም።

ከአሸንጌ ከተመለስን በኋላ በኅብረታችን ሦስት ነገር ለወጥን። ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ እንጽፋለን። አንደኛ፣ በኀዘን ውስጥ ያለን ሰው እርሱ ራሱ ካልጠየቀ በቀር በጉባኤ ፊት አናቆምም፤ ቢጠይቅም ቆይ ብለን ጊዜ እንሰጠዋለን። ሁለተኛ፣ ዱቄትና ዘይት የምንሰጥበትን ቀን ከጉባኤው ቀን ለይተናል፤ ሰው ለዳቦ ሲመጣ ነፍሱን በዋጋ የምንጠይቀው እንዳይመስለው። ምንጩ የእኛ አይደለምና ውኃውን በነጻ እንቀዳለን። ሦስተኛ፣ የተነሣ እጅ መቁጠር ትተናል። በሪፖርታችን የምንጽፈው አብረን የበላናቸውን፣ ቤታቸው ሄደን የተቀመጥንባቸውን ነው። ሪፖርቱ አጥሯል። አንዳንድ አገልጋይ ወንድሞች ቀዝቅዛችኋል ብለውናል። ይሁን።

እናንተም ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በዚህ ዘመን በአገራችን ሁሉ ከጥልቁ ወደ ዳር የወጣ፣ በእጃችሁ ሥር የቀረበ ብዙ ሰው አለ። የቀረበው ቀሎ ሳይሆን ተሸክሞ ነው። በአፉ የያዘው ነገር አለ። መረቡን ከማንሣታችሁ በፊት ጌታን ጠይቁት። ምናልባት ለእናንተ የሰጣችሁ ሥራ ጥላችሁን ከውኃው ላይ አንሥታችሁ፣ እግራችሁን ሳትደበድቡ፣ አጠገቡ መቀመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሳቱን አንድዱ፣ አሣውን ጥበሱ፤ ጥያቄውን ጌታ በጊዜው ይጠይቀዋል።

ጌታ ሆይ፣ ለደከመው ያዘንክ፣ ዳርቻ ላይ ቆመህ የምትጠብቅ አንተ ነህ። የተጠማውን በምንጭህ ላይ ቆመን የያዝንበትን ጊዜ ይቅር በለን። አፉን ዘግቶ የሚሄደውን ሰው እናከብር ዘንድ አስተምረን። በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ ባዶዋን አንተ ጠብቅልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።